ሽልማቱና ካታሎጉ፦ የጌታቸው ኃይሌ ሥራ ሲመዘን

ዩኒቨርሲቲዎች ክብራቸውን ሲያስረዱ በቅድሚያ የሚጠቅሱት የተሸላሚ ተመራማሪዎቻቸውን ስም ነው። ይህ አጭር ሒስ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሥራ መነሻ በማድረግ፣ ሽልማት የምሁራዊ ብቃት ማስረጃ የሚሆነው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይመረምራል።

ጌታቸው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው ከሀገር ከወጡ በኋላ፣ በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን መመርመር ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ተቀበሉ፤ ለዩኒቨርሲቲውም መኩሪያ ሆኑ።

ይሁንና የሽልማቱ ዜና ስለ ሥራው ጠባይ የሚነግረን ጥቂት ነው። ጌታቸው ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቅጽ፣ ከፊሉን ከዊልያም ማኮምበር ጋር በመሆን፣ የብራናዎቹን ካታሎግ አዘጋጅተዋል። ካታሎግ በብዙዎች ዘንድ እንደ ንብረት መዝገብ ይታያል። በእነዚህ ቅጾች ግን እያንዳንዱ ገለጻ የንባብ ውጤት ነው፤ በአንድ ጥራዝ የተሰበሰቡት ድርሰቶች ተለይተዋል፣ ዘመናቸው ተገምቷል፣ የኅዳግ ማስታወሻዎችም ሳይቀሩ ተመዝግበዋል። ለምሳሌ ያህል፣ በቁጥር 1763 ከሚታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጥራዝ ውስጥ የፍሬምናጦስን ድርሳን ለይተው እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። ገለጻው ባይቀድም ኅትመቱ አይከተልም ነበር።

ካታሎጉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛ በመዘጋጀቱ፣ ግእዝና አማርኛ እያነበበ እንግሊዝኛ የሚቸግረውን የቤተ ክህነት ሊቅ ከደጅ ያስቀረዋል። ጌታቸው ራሳቸው «ባሕረ ሐሳብ»ን በአማርኛ መጻፋቸው፣ የደቂቀ እስጢፋኖስንም ታሪክ ከግእዝ ወደ አማርኛ መመለሳቸው ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ከሽልማቱ የላቀ ዋጋ አላቸው።

10ኛው ቅጽ የወጣው ከሽልማቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የታተሙት ቅጾች የሚገልጹት 5 ሺህ ብራናዎችን ሲሆን፣ በፊልም የተነሡት ግን ከ9 ሺህ ይበልጣሉ። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የብራና ገለጻን እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ማየት ትተው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ምርምር አድርገው ሊቀበሉት ይገባል። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፈዋል፤ የአንድ ክፍል ክብር የሚለካውም የተሸላሚን ስም በመጥራቱ ሳይሆን ሥራውን የሚቀጥል አንባቢ በማፍራቱ ነው።