ወገን የያዘ ምስክር ይታመናልን? ስለ ጆርጅ ስቲር የጦር ሐተታዎች

ጆርጅ ስቲር የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ሆኖ በ1935 እና በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የኢጣልያን ወረራ በአገራችን ተገኝቶ የተመለከተ፥ «ቄሣር በአቢሲኒያ» የተባለውንም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ኢትዮጵያን መውደዱን አልሸሸገም፤ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም የልጁ የክርስትና አባት ሆነዋል። ስለዚህ «ወዳጅ ለወዳጁ ቢመሰክር ምን ያስደንቃል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣበታል። ይህን ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ በታወቀው ሥራው፥ ማለት ሚያዝያ 28 ቀን 1937 በታተመው የጌርኒካ ሐተታው ልንመረምረው ወደድን።

የባስክ ሕዝብ ከተማ የሆነችው ጌርኒካ ሚያዝያ 26 ቀን፥ በገበያዋ ዕለት፥ ከአየር ተደበደበች። ስቲር ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ገደማ ደርሶ ስትነድ አያት። በሐተታው ውስጥ እርግማንና ሙሾ የለም። ድብደባው ከ3 ሰዓት በላይ መቈየቱን፥ የቦምቦቹን ዓይነት፥ የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ሳይነካ ከተማው መቃጠሉን ይዘረዝራል፤ ዐላማው ሰላማዊውን ሕዝብ ማስደንገጥ ነው የሚለውንም ፍርድ ያቆመው በዚሁ ዝርዝር ላይ ነው። የሟቾቹን ቍጥር ግን ገና መናገር አይቻልም ብሎ ተወው። የባስክ መንግሥት በኋላ 1,654 ሰዎች ሞቱ አለ፤ ብዙዎች ሊቃውንት ይህን ቍጥር እጅግ ዝቅ አድርገውታል። የስቲር ቃል ግን በቍጥር ላይ ስላልቆመ ከቍጥሩ ጋር አልወደቀም። የፍራንኮ ወገን «ከተማውን ያቃጠሉት ባስኮች ራሳቸው ናቸው» ሲል ያስተባበለውም ሐሰት ሆኖ ቀርቷል።

ሆኖም ጕድለት አላጣንበትም። ስቲር በዐይኑ ያየውንና ከተረፉት ሰዎች የሰማውን ብዙ ጊዜ በአንድ ድምፅ ይተርከዋል፤ ማን እንደ ነገረው አይለይም። ይህም ለሚጠራጠረው ሰው በር ይከፍታል። የተጐዱትም ሰዎች በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ እምብዛም አንሰማም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ላይ ስለ ፈሰሰው የመርዝ ጢስ ስቲርም ሌሎችም ጽፈዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ ተናግረዋል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን ነገሩን በግልጥ ያመነው በ1996፥ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክርክሩን የያዘው የምስክሮች ቃልና ሰነድ ነበር።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ምስክርን የሚያስንቀው መውደዱ አይደለም፤ ያየውን፥ የሰማውንና የገመተውን መደባለቁ ነው። ስቲር በቍጥሩ ረገድ ራሱን ገታ፤ በምንጮቹ ረገድ ግን አልጠነቀቀም። እኛም ከአያቶቻችን የወረድልንን የጦርነት ወሬ ስንጽፍ የፊተኛውን እንከተል፥ የኋለኛውን እናርም፤ ማን አየ፥ የት ሆኖ አየ፥ ከማን ሰማ የሚለውን ሳንጽፍ ወረቀቱን አንጠፈው።