የዜማ ሕማምና ደስታ፤ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ድርሰቶች

ዜማ ለሚሰማው ደስታ ነው፤ ለሚማረው ግን አስቀድሞ ሕማም ነው። ከሳንጃ ቆላ ተነሥቶ ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር የሚወጣ ልጅ እንደ ቀድሞው ልማድ ስንቁ ቆሎ፣ ልብሱ ደበሎ፣ ቤቱ የሣር ጎጆ ነው፤ ቀን ቁራሽ ሲለምን ውሻ ያሯሩጠዋል፤ ሌሊት ድጓውን ሲቀጽል እንቅልፍ ይፈታተነዋል።

ስለዚህ ነገር የአበው ትውፊት ሁለት ምሳሌ ትቷል። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ቢለው፣ መምህሩ ጌዴዎንም ቢገርፈው፣ ከአክሱም ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ፤ በዚያም ትል ዛፉን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አይቶ ተመለሰ። ኋላም ሊቅ ሆኖ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ነበርና ማኅሌቱ እስኪፈጸም አላወቁም። ብዙ ሰው ትሉን የድካም፣ ጦሩን የደስታ ምሳሌ አድርጎ ይተረጕማል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ደስታው ሕመሙን አስረሳ እንጂ ደሙን አላቆመም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም የፒያኖ ድርሰትም ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና በሕፃንነታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ምድር ተጋዙ፤ ከነጻነት በኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በለንደን የመማር ተስፋቸው በተቋረጠ ጊዜ ግን ሙዚቃውን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ መነኰሱም። ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ከኖሩ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በጎንደር ሳሉ ደጅ የሚያድሩትን የዜማ ተማሮች አዩ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የታተመውን ሸክላቸውን ገቢም ለችግረኞች ርዳታ አዋሉት።

ድርሰታቸው በቅኔ ሥርዓት ቢመረመር ሰሙ የአውሮጳ ፒያኖ፣ ወርቁ የአገር ቅኝት ነው። ግራ እጃቸው እንደ ዋልስ ሲረግጥ፣ ቀኝ እጃቸው አንዴ ይቸኵላል፣ አንዴ ይዘገያል፤ መሪጌታ በአንድ እስትንፋስ ቃሉን እንደሚያዞር ድምፁን ያዞረዋል። ስሙ «ቤት የለሹ ተንከራታች» ተብሎ ሊተረጐም በሚችለው ድርሰታቸው ዜማው ወደ ማረፊያው ይቀርባል፤ ሊያርፍ ሲል ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ሐዘን አለበት፤ ልቅሶ ግን የለበትም። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በአንዳንዱ ድርሰት ሰሙ ወርቁን ይጫነዋል፤ የዋልሱ ርግጫ ሲደጋገምም ነገሩ የእልፍኝ ጨዋታ ይመስላል።

እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ዛሬ በውጭ አገር ብዙ ሰው ድርሰታቸውን ለዕረፍት ያደምጠዋል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ማድመጥ ነው። ዘማሪው ሕመሙን ቢረሳ የጸጋው ሥራ ነው፤ ሰሚው ቢረሳ ግን ምስጋና ቢስነት ነው። ገብረ መስቀል እንኳ ጦሩን ነቅሎ ያሬድን «የልብህን ለምነኝ» እንዳለው ይነገራል። እንግዲህ በዜማ የሚደሰት ሁሉ ዘማሪው ዛሬ ምን በልቶ እንዳደረ ይጠይቅ።