የካምፓላው ድምፅና የቪዲዮ ጨዋታው ፌዝ

ተማሪዎቻችን በዕረፍት ሰዓት ከሚያወሩላቸው ነገሮች አንዱ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ ሂስ ሊቀርብበት ይገባል ወይ ቢባል መልሳችን አዎን ነው፤ ታሪክ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃና ንግግር ተዋሕደው የሚገኙበት የፈጠራ ሥራ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ግን ሁሉንም ለመዳሰስ አንነሣም። የምንመለከተው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንድ አገር ሰዎች የአነጋገር ቅላፄ ወደ ጨዋታ ሲገባ መቼ እውነተኛ፣ መቼ ደግሞ ፌዝ እንደሚሆን ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ከካምፓላ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ዓለምን ያዳረሰውን አንድ ድምፅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊልም ነው። በካምፓላ ከተማ ዋካሊጋ በሚባለው የድሆች ሠፈር አይዛክ ናብዋና የተባለ፣ ቀደም ሲል ጡብ በመሥራት ይተዳደር የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ራሞን የተባለ የፊልም ድርጅት አቋቋመ። ስሙን ያወጣውም ከሁለቱ አያቶቹ፣ ከራሔልና ከሞኒካ፣ ስም ቆርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተሰኘው ፊልም ከ200 የአሜሪካ ዶላር ባልበለጠ ወጪ እንደ ተሠራ ይነገራል። ተዋንያኑ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ጠመንጃዎቹ ከቁርጥራጭ ብረት የተበጁ ናቸው፤ የሚነጋገሩትም በአብዛኛው በሉጋንዳ ቋንቋ ነው።

ይሁን እንጂ በፊልሙ ውስጥ ከተዋንያኑ ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ቪጄ ኤሚ የሚባለው ሰው ነው። በካምፓላ «ቢባንዳ» በሚባሉት የቪዲዮ ቤቶች፣ የውጭ ፊልም በሚታይበት ጊዜ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ እየተረጎመ፣ እያብራራና ቀልድ እየጨመረ ተመልካቹን ያጫውታል። ይህን ሰው ቪጄ ይሉታል። ትርጉም ፊልም ያየ የአገራችን ተመልካች ነገሩ ብዙ እንግዳ አይሆንበትም። ቪጄ ኤሚም በካምፓላ እንግሊዝኛ ጀግኖቹን ያሞግሳል፣ ያሾፍባቸዋል፣ ስለ ከተማውም ይናገራል። ያለ ቪጄ የነበረው የመጀመሪያው ቅጂ ስለ ጠፋ ፊልሙ ዛሬ የሚገኘው ከእርሱ ድምፅ ጋር ብቻ ነው። ልብ እንበል፤ ሰውየው የሚቀልደው በገዛ ወገኖቹ ሥራ፣ ከገዛ ወገኖቹ ጋር ሆኖ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንተርኔት ከተለቀቀ በኋላ በውጭ አገር ብዙ ወዳጆች አፈራ። ከዚያም ድምፁ ቪአርቻት ወደሚባል ጨዋታ ተሻገረ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾች የፈለጉትን ገጸ ባሕርይ መልክ ይዘው በገዛ ድምፃቸው ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2018 እጅግ ብዙ ተጫዋቾች ናክልስ የተባለውን ቀይ ገጸ ባሕርይ አሳጥረውና አደብድበው ለበሱት፤ ስሙንም «የኡጋንዳው ናክልስ» አሉት። በቡድን ሆነው ሌላውን ተጫዋች እየከበቡ፣ የአፍሪካ ነው ባሉት ቅላፄ መንገዱን ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቁታል፤ ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፤ እንትፍ እንትፍ ይላሉ። ይህም የኡጋንዳ ሰው አነጋገር ነው ተባለ።

እስቲ እንደ ቋንቋ መምህራን ነገሩን እንመርምረው። በምላስ ጠቅ የሚደረጉ ድምፆች በደቡብ አፍሪካ በዙሉና በቆሳ፣ በታንዛኒያም በሐድዛና በሳንዳዌ ቋንቋዎች ይገኛሉ። በሉጋንዳ ግን የሉም። ሉጋንዳ የራሱ የሆነ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከዚህም አንዱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ይኸውም መጥበቅና መላላት ነው። እኛ «አለ»ን ስናላላው «ተናገረ»፣ ስናጠብቀው «ይገኛል» ማለት እንደሚሆን ሁሉ፣ በሉጋንዳም «ኩላ» ሲላላ «እደግ»፣ የመጀመሪያው ድምፅ ሲጠብቅ ደግሞ «ውድ ሀብት» ማለት ነው። በቃል መነሻ ላይ ማጥበቅ ለእኛ አንደበት አስቸጋሪ ነው፤ ለእነርሱ ግን የዕለት ተዕለት ንግግር ነው።

ሁለተኛው ጠባይ የ«ል» እና የ«ር» ነገር ነው። በሉጋንዳ «ር» የሚሰማው «ኢ» እና «ኤ» የሚባሉትን አናባቢዎች ሲከተል ነው፤ በሌላው ቦታ «ል» ይሆናል። እሳትን «ኦሙሊሮ» ሲሉ ሁለቱም በየቦታቸው ይሰማሉ። እንግዲህ የሉጋንዳ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ «ል» እና «ር»ን ቢያቀያይር ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእናት ቋንቋውን ሕግ ተከትሎ ነው። እኛም «ስፖርት»ን «እስፖርት» የምንለው አማርኛ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢዎችን ያለ አናባቢ ማስከተል ስለማይወድ ነው። ቅላፄ ማለት እንዲህ የመጀመሪያው ቋንቋ በሁለተኛው ላይ የሚተወው አሻራ ነው። ጠቅ ጠቅ ያደረጉት ተጫዋቾች ይህን አሻራ አልሰሙትም። የኮረጁት በአእምሯቸው አስቀድሞ የነበረውን «አፍሪካዊ» ነው፤ የኡጋንዳን ስም የለጠፉበት በኋላ ነው።

አንዳንዶች ቀልድ ቀልድ ነው፣ ለፊልሙም አዲስ ተመልካች አምጥቶለታል ይሉ ይሆናል። የተመልካቹን ነገር አንክድም። ነገር ግን ቪጄ ኤሚን ሰምቶ የሳቀ ሰው ቢያንስ አንድ ካምፓላዊ ሰምቷል፤ በጨዋታው የሳቀ ግን አንድም ኡጋንዳዊ ሳይሰማ ኡጋንዳን አወቅሁ ብሎ ይሄዳል። ጉዳቱ ይህ ነው።

ስሕተቱ የተጫዋቾች ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ያወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 5» ታሪኩ በምዕራብ አፍሪካ፣ ኪጁጁ በምትባል የፈጠራ ቦታ ይፈጸማል፤ ጠላቶቹ ግን የሚናገሩት የምሥራቅ አፍሪካውን ስዋሂሊ ነው። የጎጃም ገበሬ በፊልም ውስጥ ዙሉኛ ሲናገር ብንሰማ ምን እንል ነበር? በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 «ታንክ ጉድነስ ዩር ሂር» የተሰኘ ጨዋታ በእንግሊዝ ወጥቷል። ሠሪዎቹ በዮርክሻየር የምትገኘው የባርንስሊ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ጨዋታውም ከዚያው አካባቢ በተቀዳች የፈጠራ ከተማ የሚካሄድ ሆኖ በዚያው ዘዬ ይቀልዳል። ከእነርሱ ሥራ ጋር ሲነጻጸር የሚቀርበው የዋካሊጋው ፊልም ነው፤ በሁለቱም ቀልደኛውና የሚቀለድበት ሰው ጎረቤታሞች ናቸውና።

ይህ ነገር ለእኛ ለመምህራን ለምን ይጠቅመናል? በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች በእናት ቋንቋው ሲናገር የተገኘ ተማሪ ማፈሪያ ምልክት አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ሲደረግ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ እንዲሰጥ መፍቀዱ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በእኛም ዘንድ ምልክቱ በአንገት ላይ ባይንጠለጠል በሳቅ ይንጠለጠላል። ከገጠር የመጣ ልጅ ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ሲያነብ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ አንዳንድ ጊዜም፣ እናምናለን፣ መምህሩም አብሮ ይስቃል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ እጁን አያወጣም። በቪአርቻት ስለተፈጸመው ፌዝ ለመፍረድ የምንነሣ ከሆነ ከዚህ ሳቅ መጀመር ይገባናል።

በአዲስ አበባም ወጣቶች ጨዋታ መሥራት ጀምረዋል፤ የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» ለዚህ ምስክር ናቸው። ነገ ከተማሪዎቻችን አንዱ የወሎን ገበያ ወይም የሐዋሳን ሐይቅ ዳር በጨዋታ ያሳይ ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ የሌላውን ቅላፄ ተውሶ መድመቅ አይቻልም። ስለዚህ ከአሁኑ እናለማምደው። ተማሪው የአካባቢውን አንድ አዛውንት ንግግር በቴሌፎኑ ይቅዳ፤ ከዚያ ተነሥቶ አጭር ቃለ ተውኔት ይጻፍ፤ በመጨረሻም ለአዛውንቱ ያንብብላቸው። እርሳቸው ራሳቸውን አግኝተውበት ከሳቁ ሥራው ጥሩ ነው። ክፍሉ ስቆ እርሳቸው ዝም ካሉ ግን ተማሪው ተመልሶ ሄዶ ይስማ።