ክረምት ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢና በሻምቡ፣ ሐምሌ ሲገባ «አሁንማ አየሩ ረጥቧል፤ እንቁላል አይፈለፈልም» የሚል ሰው አይጠፋም። አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ዝናቡ ሳያባራ ይውላል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ይረጥባል፣ የታጠበ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። እኔ ግን ክረምቱ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል ባይ ነኝ። ደጅ ያለው እርጥበትና መፈልፈያው ውስጥ ያለው እርጥበት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ተን የመያዝ አቅም ያገኛል። በ18 ዲግሪ ሙቀት እርጥበት እስከ መጨረሻው የጠገበ የክረምት አየር መፈልፈያው ውስጥ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውሃ ካልተጨመረለት አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 32 በመቶ ግድም ይወርዳል። ለመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት የሚመከረው ደግሞ ባብዛኛው ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው። እንግዲህ ያ የምንፈራው የነቀምቴ ክረምት እንቁላሉ ዘንድ የሚደርሰው ደረቅ አየር ሆኖ ነው።

ጤዛ በመፈልፈያው መስኮት ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጃችን ነው። ብርዱን ፈርተን የአየር መግቢያውን በጨርቅ እንደፍናለን፤ ሳህኑን በውሃ ጢም አድርገን እንሞላለን፤ እንቁላሎቹ ራሳቸው የሚያወጡት ተን መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ መሆኗም አይረሳ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ጽንሱ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይሳሳል። ቀዳዳ መድፈን እዚህ ከሌላው ቦታ የባሰ ጥፋት ነው። በሌላ በኩል ግፊቱ ሲያንስ ውሃ በቅርፊቱ በኩል ቶሎ ይተናል። ከፍ ባለ ተራራ ላይ ያሉ ዶሮዎች ደግሞ ተን እንደ ልብ የማያሳልፍ ቅርፊት ያለው እንቁላል እንደሚጥሉ ተለክቶ ታውቋል። አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያካክስ ተቀምጦ በማስላት አይደረስበትም።

ስለዚህ ዳኛው ሚዛን ነው። እንቁላል መፈልፈያ ከገባበት ቀን እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉን ሊያጣ ይገባዋል፤ ከ11 እስከ 14 ድረስ ቢሆን አያስደነግጥም። የወጣው ውሃ ቦታውን በሰፊው ጫፍ ላለው የአየር ኪስ ይለቃል፤ ጫጩቱም ቅርፊቱን ከመብሳቱ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ነው። የሀገር ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነውና 10 እንቁላሎች በአንድ ላይ 450 ግራም መዘኑ እንበል። በ7ኛው ቀን 21 ግራም፣ በ18ኛው ቀን 54 ግራም ቀንሰው መገኘት አለባቸው። በ7ኛው ቀን የቀነሰው 12 ግራም ብቻ ከሆነ ውሃውን አውጥቶ ቀዳዳውን መክፈት፤ 30 ከሆነ ውሃ መጨመር። ሲጨመርም ዋናው የውሃው ገጽ ስፋት ነው፤ ከጥልቅ ኩባያ ይልቅ ዝርግ ትሪ ብዙ ያተናል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካለም ሳይፈተን አይታመን። በውሃ ከራሰ ጨው ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ አድሮ 75 በመቶ ግድም ማሳየት አለበት።

«እናቶቻችን መች መዝነው ያስታቅፉ ነበር?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ዶሮዋ ሙቀቱን በገላዋ እየሰጠች፣ እያገላበጠች፣ ለጥሬ ስትነሣም እያናፈሰች ነበር። ማሽን ያስፈለገን ለእንቁላል ብዛት የተመረጡት እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ዝርያዎች መታቀፍን ስለተዉ ነው። የሀገራችንን የሆሮ ዶሮ ለማሻሻል ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መረጣም ያተኮረው በእንቁላል ብዛትና በክብደት ላይ ነው፤ በዚህ መንገድ የታቃፊነት ጠባይ እየሳሳ ቢሄድ አይገርምም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ ገበሬው ራሱ በበጋ ማስታቀፍን ይመርጣል። ይመርጣል፤ ምርጫውም የብልህ ነው። ነገር ግን ክረምት ላይ ብርዱና ጭቃው የሚጨርሱት የተፈለፈለውን ጫጩት ነው፤ ይህ ደግሞ እንቁላሉ አልተፈለፈለም ከማለት ይለያል። ለእንቁላሉም ቢሆን ክረምቱ የሚጎዳው አስቀድሞ፣ ጎጆው ላይ ነው። ጭቃ የነካው፣ የታጠበ፣ ወይም ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ላብ ያሰረ እንቁላል ጀርሙን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ያስገባል። ንጹሕ ከሆነ ግን ቀዝቃዛው የክረምት ክፍል፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ጊዜ፣ እንቁላል ለሳምንት ለማቆየት ከበጋው ይሻላል። የክርክሩ ማስረጃ ሳይፈለፈል የቀረው እንቁላል ውስጥ አለ፤ ሳይሰበር መጣል የለበትም። ጫጩቱ አብጦ፣ በፈሳሽ ተነክሮ፣ የአየር ኪሱ ጠብቦ ከተገኘ ውሃ በዝቶበታል። ኮስሶ፣ በደረቀ ስስ ሽፋን ተጠፍንጎ ከተገኘ ውሃ አንሶታል። ጽንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን፣ የመብራት መቆራረጡን ወይም የእንቁላሉን እርጅና መጠርጠር ነው።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ማገላበጡ ይቆማል፤ ሽፋኑ በሚፈለፈለው ጫጩት ላይ እንዳይደርቅ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ደጅ ዶፍ ቢጥል እንኳ ነቀምቴ ላይ ይህ ያለ ተጨማሪ ትሪ አይገኝም፤ ክዳኑን በየሰዓቱ የሚከፍት ሰውም አያገኘውም።

ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ሒሳቡ ሌላ ነው። 30 ዲግሪ ሙቀት ያለው የጠገበ አየር መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ በራሱ 65 በመቶ ገደማ ይሆናል። እዚያ ማሽኑን ያለ ውሃ ጀምሮ በ7ኛው ቀን መዝኖ መወሰን ይሻላል፤ ነቀምቴና ሻምቡ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንሽ ዝርግ ትሪ ውሃ ይኑር።