የግጥሙ ባለቤት

ሐዲያ ያሆዴን፥ ከምባታም መሳላን በሚያከብሩበት በመስከረም ወር፥ ወይም ጀግና በጌራሮ በሚወደስበት ስፍራ፥ በሆሣዕናና በአካባቢዋ የሚዜመውን ግጥም ሰምቶ «ይህን የገጠመው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ቢጠይቅም ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የአባቶቻችን ነው» የሚል ይሆናል። መልሱ ትሕትና ያለበት ቢሆንም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይበቃም፤ ግጥም መቼም በመጀመሪያ ከአንድ ሰው አፍ ሳይወጣ ወደ ብዙ ሰው አፍ አይገባምና።

ነገሩን ለማስረዳት ከወደ አየርላንድ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንቶኒ ራፍተሪ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሜዮ በሚባለው አውራጃ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱም ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ቫዮሊን እየመታ በጎልዌይ መንደሮች ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የኖረ፥ የአገራችንን አዝማሪ ከነማሲንቆው የሚያስታውስ ድኻ ነበር። የሚገጥመው በአየርላንድ ቋንቋ ሲሆን፥ ዓይነ ስውር በመሆኑ ከግጥሞቹ አንዱንም በእጁ ጽፎ አላኖረም። በ1835 ዓ.ም. አረፈ።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔ የማስበልጠው በ1828 ዓ.ም. በኮሪብ ሐይቅ ስለ ሰጠሙት ሰዎች የገጠመውን ሙሾ ነው። ሰውና በግ ጭኖ ወደ ጎልዌይ ገበያ ይጓዝ የነበረ አሮጌ ጀልባ ወለሉ ተነድሎ ሰጠመና 19 ያህል ሰዎች አለቁ። እነዚህ ሰዎች ጌቶች አልነበሩም፤ ለቅሶውም ሽልማት የሚያስገኝ አልነበረም። ባለቅኔው ግን ገበያተኞቹን ወንዱን ከሴቱ ለይቶ ቈጠራቸው፥ የሞቱበትንም ስፍራ ረገመ። ሙሾ አውራጅ ሟቹን በስሙ እየጠራች ስታስለቅስ የሰማ የእኛ አገር ሰው የዚህን ግጥም ኀይል ለመረዳት አስተርጓሚ ብዙም አያስፈልገውም።

ራፍተሪ በሞተ በ65 ዓመቱ፥ ማለት በ1900 ዓ.ም.፥ እመቤት ግሪጎሪ በመቃብሩ ላይ ድንጋይ አቆሙለት። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ፥ ኋላ በ1938 ዓ.ም. የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሊቅ ዳግላስ ሃይድ፥ ከሽማግሌዎች አፍና ከእጅ ጽሑፎች የለቀሟቸውን ግጥሞቹን በመጽሐፍ አሳተሙ። ያ ድካም ባይኖር ኖሮ ሙሾው ምናልባት ይቀር ነበር፤ ሰውየው ግን «ከአባቶቻችን አንዱ» ሆኖ ይረሳ ነበር።

ነገር ግን የስም ፍቅር ራሱ ያሳስታል። ራፍተሪ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቅበታል የተባለው እጅግ የታወቀ አጭር ግጥም የእርሱ መሆኑን የኋላ ሊቃውንት ይጠራጠራሉ፤ አሜሪካ ይኖር የነበረ ሌላ አየርላንዳዊ ገጠመው የሚሉም አሉ። ሆኖም የዚሁ ግጥም የመጀመሪያ ስንኞች በ1994 ዓ.ም. በወጣው የአየርላንድ የ5 ፓውንድ የወረቀት ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትመዋል! እኛስ ብንሆን ሣቅ ያለበትን ጨዋታ ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሐና ስንሰጥ አልኖርንም?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኡልሪሽ ብራውኬምፐርና ጥላሁን ሚሻጎ የሐዲያን ተራኪ ዘፈኖች የሚመለከት መጽሐፍ በ1999 ዓ.ም. በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ አሳትመዋል፤ ይህም ትልቅ ውለታ ነው። በርእሱ ላይ ውዳሴንና ተረብን አንድ ላይ ማስቀመጣቸውም ተገቢ ሆኖ ይታየኛል፤ ማሞገስና መንካት ከአንድ አፍ ሲወጡ የማያውቅ ዘፋኝ ከየት ይገኛል? ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ስለ ገጣሚዎቹ የሚጻፍ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ሆሣዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የሐዲያ ቋንቋም በትምህርት ቤት ይሰጣል። እንግዲህ ተማሪው በክረምት ወደ ቀዬው ሲመለስ ግጥሙን ብቻ አይጻፍ፤ ከማን እንደ ሰማው፥ በምን ምክንያት እንደ ተገጠመ፥ ማዶ ያለው መንደርስ ለማን እንደሚሰጠው አብሮ ይመዝግብ። «የአባቶቻችን ነው» ወዳሉትም ሽማግሌ በማግስቱ ይመለስና የየትኛው አባት እንደ ሆነ ይጠይቃቸው።