የነጠላው ንጣትና የአምፖሉ ብርሃን፦ የድሮ ከለር ፎቶዎች እድሳት ሲመዘን

በአምበርም ሆነ በደብረ ማርቆስ በየቤቱ አልበም የተቀመጡ የሠርግና የክርስትና ከለር ፎቶዎች ብዙዎቹ ዛሬ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ መልክ ይዘዋል። የተለመደው እድሳት ፎቶውን ስካን አድርጎ በኮምፒዩተር ላይ አንዱን ነጠላ ነጭ ነው ብሎ መጠቆም ነው፤ ፕሮግራሙም የቀረውን ቀለም በዚያ ልክ ያስተካክላል። ውጤቱ ለዓይን ስለሚጠራ ይወደሳል። ውዳሴው ግን ከልክ ያለፈ ነው፤ ዘዴው ሁለት የተለያዩ ምክንያቶችን እንደ አንድ ይቆጥራልና።

አንደኛው ምክንያት ብርሃን ነው። የቀን ፊልም 5500 ኬልቪን ገደማ ለሆነ ብርሃን የተመጠነ ሲሆን ተራ የቤት አምፖል ከ2700 እስከ 2900 ገደማ ነው። ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበለው የፊልሙ ንብርብር ድርሻውን ስለማያገኝ ምስሉ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ይህን የሚያቃናው ሰማያዊ ማጣሪያ ከብርሃኑ ሦስት አራተኛውን ያግዳል፤ ባለ 100 አይሶ ፊልም ላይ ሲጨመር ደብዛዛ ቤት ውስጥ ካሜራውን በእጅ ይዞ ማንሳት አያስችልም። ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ የከለር ወረቀቶች ላይ ሳያን የተባለው ቀለም አልበሙ ተዘግቶ እንኳ ይደበዝዛል፤ ፎቶውም ይቀላል።

መለያው ቀላል ነው። ከአንዱ ፊልም የታተሙት ፎቶዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ደጅ የተነሳውም ከቀላ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ ቤት ውስጥ የተነሳው ብቻ ቢጫ ከሆነ የአምፖሉ ነው። ነጭ ጠርዙ የወየበ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ በክሏል ማለት ነው።

ነጠላን መለኪያ ማድረግ እዚህ ላይ ይወድቃል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ በተለይ ጋቢ፣ ከመነሻው ክሬም መልክ አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ አምፖሉ ሥር ያለው ነጠላ ቢጫ፣ በሩ አጠገብ የቀን ብርሃን ያገኘው ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ አንዱ ሲነጣ ሌላው ይበላሻል። ፍላሽ በነበረበት ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው፦ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናት ነጠላ ጥበቡ እስኪጠፋ ይነጣል፤ ከኋላ የቆሙት በጨለማ ይዋጣሉ። የጠፋውን ጥበብ በግምት መሣል እድሳት አይባልም።

ትክክለኛው አካሄድ ቅደም ተከተል አለው። ኔጋቲቩ ካለ ከእሱ ይጀመራል፤ ከታተመው ፎቶ የበለጠ ዝርዝር ይዟልና። ያልተነካው ስካን ለብቻው ይቀመጣል። የደበዘዘው ቀለም በሙሉ ይመለሳል፤ የአምፖሉ ቢጫነት ግን በከፊል ብቻ ይቀንሳል፤ ሠርጉ በዚያ ብርሃን ውስጥ ነውና የተካሄደው። ክፍሉ በሁለት ብርሃን የተከፈለ ከሆነ እያንዳንዱ ወገን ለየብቻ ይስተካከላል።

መጨረሻ የሚፈተነው የፊት ቀለም ነው። ነጠላው እንዲነጣ ቀዩ ሲቀነስ ጠይሙ ፊት አመድ ይለብሳል፤ ይህን ለመሸፈን ፊትን ማቅላት የባሰ ነው። ሰውን ከገዛ መልኩ ውጪ አድርጎ ለልጅ ልጆቹ ማሳየት ትልቅ በደል ነው፤ የትኛውም የጠራ ነጭ አይክሰውም። የሚታመነው መለኪያ ያንን ፊት የሚያውቁት የቤተሰቡ አባላት ናቸው።