ሽለላን ያጀቡ ጊታሮች

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 የኒውዮርኩ ሊንከን ሴንተር በየዓመቱ ያዘጋጅ በነበረው የአደባባይ ፌስቲቫል ላይ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በተጫወቱበት ምሽት፣ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያም ቴነር ሳክስፎናቸውን ይዘው ወጡ። ዕድሜያቸው 73 ነበር። ከኋላቸው የቆመው ባንድ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ አልነበረም፤ ዘ ኤክስ የሚባለው የኔዘርላንድ የፓንክ ባንድ ነበር። ጋሽ ጌታቸውና ዘ ኤክስ አብረው ከአገር አገር፣ ከፌስቲቫል ፌስቲቫል ለዓመታት ዞረዋል። እንዲህ ያለ ጥምረት ብዙ ጊዜ ለአንድ ምሽት ያህል ደምቆ ይጠፋል። ይህ የዘለቀው በጥንቃቄ ስለተሠራ ነው፤ አሠራሩም ቀርቦ ሊታይ የሚገባው ነው።

መነሻው ሽለላ ነው። ሽለላ ዘማች ከውጊያ በፊት ራሱንም ወገኑንም የሚያነሣሣበት የድምፅ ጥበብ ነው። በከበሮ ምት አይለካም፤ ሐረጉ የሚያልቀው ትንፋሽ ሲያልቅ ነው። ሸላዩ ቃላቱን በአንድ ከፍታ ላይ ደራርቦ ይወረውራቸዋል፤ የመጨረሻዋን ግን ይዞ ያንቀጠቅጣትና ቁልቁል ይለቃታል። ከዚያ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የከበበው ሰው «በለው!» ይለዋል፤ እሱም ያንን ተቀብሎ እንደገና ይነሣል። ሽለላ የአንድ ሰው ድምፅ ቢመስልም፣ ከከበበው ሕዝብ ውጭ አይቆምም።

ይፋት የተወለዱት ጋሽ ጌታቸው በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል። ሳክስፎኑን አንሥተው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። በኖታ በሚመራና ሁሉም እኩል በሚነፋበት ባንድ ውስጥ ያደገ ሰው፣ ልክ የለሹን ሽለላ ወደ ሳክስፎን አመጣው። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሽለላ ካስቀረጹት ቀደምት ሙዚቀኞች አንዱ እሳቸው ናቸው። በኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ ቁጥር 14 የተሰባሰቡትን የቆዩ ቅጂዎቻቸውን የሰማ ሰው ምን እንደሠሩ በቀላሉ ይረዳል።

አንዱን ሐረግ ብቻ ወስደን እንስማ። ሲጀምሩ ያንኑ አንድ ኖታ በምላሳቸው እየቆራረጡ፣ እንደሚናገር ሰው ባልተስተካከለ ርቀት ይደጋግሙታል፤ እዚህ ሁለቱ ይጣበቃሉ፣ እዚያ ሦስተኛው ይዘገያል። ንግግር ሆኖ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃል የለም፣ የቃሉ አካሄድ ግን አለ። ቀጥሎ ድምፁ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ይሻክራል፣ ጉሮሮም አብሮ ያለበት ይመስላል። መጨረሻ ላይ ያ የታወቀው ሰፊ መንቀጥቀጥ ይመጣል። እሱን ለማሳመር ብቻ አይጠቀሙበትም። ኖታው ሲጀምር ጠበብ ብሎ ቀጥሎ ይሰፋል፣ ትንፋሹ ሲቀንስ ወደ ታች ይወርዳል። ሸላይ የመጨረሻዋን ቃል የሚለቅበት መንገድ በነሐስ ቱቦ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። የውጭ አድማጮች ይህን ድምፅ ሲሰሙ የአሜሪካኑን የፍሪ ጃዝ ሰው አልበርት አይለርን ያነሣሉ። የድምፁ ሻካራነት ያመሳስላቸው ይሆናል፤ የጋሽ ጌታቸው ምንጭ ግን የፉካሪው ጉሮሮ ነው።

ለእንዲህ ያለ ነፋሽ አጃቢ መሆን ከባድ ነው። ጥሩ የጃዝ ባንድ ከሥሩ ኮርድ ያነጥፍለታል፤ ያኔ በአምስት ድምፅ ቅኝት የቆመው ዜማ ይለዝባል፣ መንቀጥቀጡም የስሜት ማጣፈጫ ይሆናል። ጥብቅ ምት ሲሰጠው ደግሞ ትንፋሹ በሌላ ሰው ሰዓት ይታሰራል።

ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሥርቶ በ2002 ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘዋውሮ ተጫውቷል። በ2004 አምስተርዳም ላይ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጋበዘ፤ እሳቸውም ባንዱን ሰምተው አብረውኝ ተጫወቱ አሉ። ዘፈኖቹን እሳቸው መረጡ፣ ዝግጅቱን ባንዱ ሠራ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ።

የዝግጅቱ ብልሃት የጊታሮቹን ቦታ በማወቅ ላይ ነው። ሁለቱ ጊታሮች፣ የቴሪና የአንዲ ሙር፣ ኮርድ እያለሰለሱ አይሞሉም። አንዱ አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይደጋግማል፤ ሌላው ገመዱን እየፋቀና እየመታ ይጮኻል፤ ድምፃቸው ደረቅና ጠርዝ ያለው ነው። ጋሽ ጌታቸው ትንፋሽ ሲወስዱ ያ ጩኸት ክፍተቱን ይይዘዋል፤ ሲነሡ ዝቅ ይላል። ሸላዩን የከበበው ሰው «በለው!» የሚልበት ቦታ ላይ የገባው ጊታር ነው። ካትሪና ቦርነፌልድ ደግሞ ድራሙን በሲምባል ብልጭታ ከመሸፈን ይልቅ በቶምቶሞቹ ላይ ትዞራለች፤ ምቱ ምድር ምድር ይላል፣ ከላይ ያለው አየር ለሳክስፎኑ ይቀራል። በተጨማሪ የመጡት ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስፎንና ትሮምቦን አዝማቹን አብረው ይነፋሉ፤ ጋሽ ጌታቸው ብቻቸውን ሲወጡ ግን አያሳድዷቸውም።

ግርማ በየነ የደረሰውንና ዋልያስ ባንድ ያስተዋወቀውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን በዚህ አልበም የሰማ ልዩነቱን ያውቃል። በዋልያስ እጅ ዜማው ለዳንስ አዳራሽ የተስተካከለ፣ የሚንሳፈፍ ነበር። እዚህ ያው ተደጋጋሚ መሠረት ይከብዳል፣ ይሻክራል፤ ዜማው ግን አንድም ኖታ ሳይዛነፍ በላዩ ላይ ይቆማል። ባንዱ የራሱን ጠባይ አልደበቀም፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለመምሰልም አልሞከረም። ጋሽ ጌታቸውም ለፓንክ ብለው ድምፃቸውን አልቀየሩም። የአንበሳ ጎፈርና ለምድ ለብሰው ሲወጡ፣ ልብሱ ለባዕድ ዓይን ማሳያ አልነበረም፤ የሚነፉት ሽለላ የሚቀርብበት ልብስ ነው።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በውጭ ፌስቲቫሎች ብዙ ቦታ አለው፤ ደስ ይላል። ከዚህ ጥምረት መማር ያለብን ግን የጉዞውን ብዛት አይደለም። ሙዚቃው አገር ሲሻገር እንዲለዝብ የሚጠይቅ ግፊት ሁልጊዜ አለ፤ ምቱን ማስተካከል፣ ሻካራውን መላግ፣ ዝምታውን መሙላት። ጋሽ ጌታቸውና ዘ ኤክስ አንዱንም ሳያደርጉ እ.ኤ.አ. እስከ 2012ቱ «የአንበሳው ትዝታ» አልበም ድረስ ሠርተው ብዙ አድማጭ አግኝተዋል። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ። ወጣት ነፋሾቻችን ቅጂዎቹን እንደ መማሪያ ይያዙአቸው፤ የጣት ፍጥነትን ከብዙ ሰው መማር ይቻላል፣ ሐረግን በትንፋሽ መለካትን ግን ከእሳቸው የተሻለ ያስተማረ የለም። አጃቢዎቹም እንዲሁ ይስሙ፦ ለሸላይ የሚያስፈልገው ምንጣፍ ሳይሆን የሚመልስለት ሰው ነው።